ዓለምን ከቤት ሆኖ ስለ ማየት፤ ከጅማና ከቡና አገር ከተሞች አንጻር የቀረበ ሂስ

የሰው ልጅ ያላየውን አገር ለማየት ያለው ምኞት ከጥንት ጀምሮ ያለ ነው። ቀድሞ ይህን ምኞት ለመፈጸም የታደሉት ነጋዴና ተሳላሚ፣ ወታደርና መልእክተኛ ብቻ ነበሩ፤ የቀረው ሕዝብ ግን ከመንገደኛ አፍ የሰማውን ይዞ በልቡናው ሲሥል ይኖር ነበር። ዛሬ ይህ ነገር ተለውጧል። በጅማ ከተማ፣ ወይም በአጋሮ፣ በሊሙ ገነት፣ በሰቃና በቦንጋ የሚኖር አንድ ቤተ ሰብ እሑድ ከምሳ በኋላ ቡናው እስኪፈላ ድረስ በአንዲት የእጅ ስልክ መስኮት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት፣ የግብፅን ፒራሚዶችና የቻይናን ታላቅ ግንብ ተራ በተራ ሊመለከት ይችላል። ልጆቹ ከአባታቸው ትከሻ በላይ አንገታቸውን ሰግገው ያያሉ፤ አያቲቱም «እስቲ ወዲህ አምጡልኝ» ይላሉ። ዓለም በእንግድነት ወደ ቤት ገብቷል ማለት ነው። እንግዳ ሲገባ ደግሞ ማን እንደ ሆነና ምን ይዞ እንደ መጣ መጠየቅ የባለቤት ወግ ነው።

ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ቴአትርና ስለ ሥዕል ሂስ መጻፍ በአገራችን የተለመደ ነው። በኢንተርኔት ለዓለም ሕዝብ ስለ ተዘረጋው የቅርስ ትርኢት ግን፣ አንዳንዱ «ልጆቻችንን አጠፋብን» ብሎ ከማማረር፣ ሌላውም «ሥልጣኔ እቤታችን ገባ» ብሎ ከማጨብጨብ በቀር፣ መርምሮ የሚፈርድ ሰው ጥቂት ነው። እኛ ግን ይህ ትርኢት እንደ ማናቸውም የሰው ሥራ አዘጋጅ ያለው፣ ምርጫ የተደረገበት፣ የሚያሳየውና የሚሰውረው ነገር ያለው ስለ ሆነ፣ እንደ አንድ ትልቅ ድርሰት ተቆጥሮ ሊመረመር ይገባዋል እንላለን። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን እናቀርብለታለን። ምን ያሳያል? ምንስ ይሰውራል? ከተመልካቹ ቤትስ ምን ይጠይቃል?

አስቀድሞ ስለ መዝገቡ ጥቂት እንናገር። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓመተ ምሕረት» ካልተባለ በቀር ዘመኑ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይረዳልን። የዓለም ቅርስ መዝገብ መሠረቱ ዩኔስኮ በ1972 ያጸደቀው ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1977 ተቀበለች፤ በ1978 መዝገቡ ሲከፈትም ከመጀመሪያዎቹ 12 ቅርሶች ሁለቱ፣ ማለት የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ፣ የእርስዋ ነበሩ። ከዚያም የጎንደሩ ፋሲል ግቢ በ1979፤ አክሱም፣ ጢያ፣ የታችኛው አዋሽና የታችኛው ኦሞ ሸለቆዎች በ1980፤ ሐረር ጁገል በ2006፤ የኮንሶ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2011፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክና የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2023፤ መልካ ቁንጡሬና ባልጪት በ2024 ተጨምረው፣ በዚያ ዓመት የአገራችን ድርሻ 12 ደርሷል። በ2003 ከጸደቀው ሌላ ስምምነት የተነሣ ደግሞ በእጅ ለማይዳሰሱ ቅርሶች የተለየ መዝገብ አለ፤ በእርሱም መስቀል በ2013፣ የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ በ2015፣ የገዳ ሥርዓት በ2016፣ ጥምቀት በ2019፣ የሐረሩ ሹዋሊድ በ2023 ተመዝግበዋል።

እንግዲህ ይህ ትርኢት ምን መልካም ነገር ይሰጣል ያልን እንደ ሆነ፣ ስጦታው ቀላል አይደለም። ከአጋሮ ተነሥቶ ላሊበላን ለመሳለም ወይም ለመጐብኘት የሚያስፈልገው ገንዘብና ጊዜ ለአንድ መምህር ቤተ ሰብ ከአቅም በላይ ነው። በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የዛማኒ ፕሮጀክት ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ጨረር ለክተው ቅርጻቸውን በኮምፒዩተር አዘጋጅተዋል፤ ይህን የመሰለ ሥራ ተመልካቹ በቦታው ቆሞ እንኳ ሊያየው የማይችለውን፣ ማለት ዓለቱ ከላይ ወደ ታች እንዴት እንደ ተፈለፈለና አንዱ ክፍል ከሌላው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ፣ በግልጥ ያስረዳል። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘመቻ በኋላ ወደ ሎንዶን የተወሰዱት የብራና መጻሕፍትም ብዙዎቹ በብሪቲሽ ላይብረሪ ፎቶግራፍ ተነሥተው ለሕዝብ ተዘርግተው ነበር። ዕቃውን ከባለቤቱ አርቆ ምስሉን ማሳየት መጽሐፉን መመለስ እንዳልሆነ የታወቀ ነው፤ ቢሆንም የአባቶቹን ጽሕፈት አይቶ የማያውቅ ተማሪ መልኩን ማየቱ ብቻ ትልቅ ትምህርት ነው።

ከዚህም ሌላ ትርኢቱ ሩቁን ከቅርቡ ጋር ለማያያዝ ያመቻል። የታችኛው ኦሞ ሸለቆ በሰው ዘር ጥንታዊ አፅም የታወቀ ቦታ ነው ተብሎ በትምህርት ቤት ይነገራል፤ ለጅማ ልጅ ግን ቦታው ከካርታ ግርጌ ያለ የሩቅ አገር ነው። አባቱ ጣቱን በካርታው ላይ አድርጎ ግልገል ግቤ ወደ ታላቁ ግቤ ሲገባ፣ ግቤም ኦሞ ተብሎ ወደ ቱርካና ሐይቅ ሲወርድ ቢያሳየው፣ ልጁ በድልድይ ላይ ሲሻገረው የኖረው ውሃ ዓለም ወደሚያከብረው ሸለቆ የሚወርድ መሆኑን ይረዳል። ይህን ማስተዋል የሰጠው ስልኩ ብቻ አይደለም፤ ከስልኩ አጠገብ የተቀመጠው አባት ነው። ይህን ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ የፍርዳችን መሠረት ይህ ነውና።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንለፍ። በቡና አገር የተወለደ ልጅ በዚህ ትርኢት ውስጥ ቡናን ቢፈልግ ምን ያገኛል? በ2000 የተመዘገበውን በደቡብ ምሥራቅ ኩባ የሚገኘውን የጥንት የቡና እርሻ ፍርስራሽ ያገኛል። በ2011 የተመዘገበውን የኮሎምቢያ የቡና ባህላዊ መልክዓ ምድር ያገኛል። በእጅ በማይዳሰሱት መዝገብ ደግሞ የቱርክን የቡና ባህል በ2013፣ የዓረቦችን ቡናና የእንግዳ አቀባበል በ2015፣ የሳዑዲ ዓረቢያን የኸውላኒ ቡና አተካከል በ2022 ተመዝግበው ያገኛል። የእኛ የቡና አፈላል ሥርዓት፣ ማለት አቦል፣ ቶናና በረካ፣ እስከ 2023 ከተመዘገቡት አምስቱ የኢትዮጵያ የማይዳሰሱ ቅርሶች ውስጥ የለም። የጅማም፣ የሊሙም፣ የጎማም፣ የጌራም ስም በዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ አይታይም።

በአንድ በኩል ፍትሕ እንዳናጓድል፣ ያለውንም እንናገር። ጌዴኦ በ2023 የተመዘገበው ሕዝቡ በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰትንና ቡናን አስተባብሮ የሚተክልበት ጥበብ ስላለው ነው። የከፋና የያዩ የቡና ደኖችም በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራዎች ተብለው ተሰይመዋል፤ ይህ ግን ከዓለም ቅርስ መዝገብ የተለየ ስያሜ ነው። ስለዚህ «ዓለም ረሳን» ብሎ ማልቀስ ትክክል አይደለም። የመዝገቡ ሥርዓት እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ቅርስ የሚመዘገበው ባለቤት የሆነው መንግሥት መርምሮ፣ ጽፎ፣ ካርታ ነድፎ፣ የሚጠበቅበትንም መንገድ አዘጋጅቶ ሲያቀርበው ነው። እንግዲህ በመዝገቡ ላይ አለመገኘት የክብር ማነስ ምልክት አይደለም፤ የማኅደር አለመዘጋጀት ምልክት ነው። ኮሎምቢያዊው ስለ ቡናው ጻፈ፤ ቱርኩም ስለ ቡናው ጻፈ። እኛ ቡናችንን ጠጣን፤ ሸጥን፤ አልጻፍንም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት እንደዚህ ላለው ነገር የተነገረ ይመስላል።

ይህን ለልጆች መንገር ያስፈልጋል፤ ካልተነገራቸው ግን አደጋው ቀላል አይደለም። አንድ ልጅ የሚያየው ሁሉ የሌላ አገር ሲሆን፣ በመዝገቡ የሌለ ነገር ሁሉ ዋጋ የሌለው መስሎ ሊታየው ይችላል። ያን ጊዜ የጓሮው ቡና ገንዘብ ማግኛ ብቻ ይሆንበታል፤ በቅቤ የሚጠበሰው ቡና ቀላም የአሮጊቶች ልማድ ብቻ ይመስለዋል። ሰው በራሱ ላይ ያለውን አክብሮት የሚያጣው በጠላት ስድብ ብቻ አይደለም፤ በሌላው ውበት አለልክ በመደነቅም ጭምር ነው።

ሌላው ነቀፋችን በስሞችና በተረቶች ላይ ነው። ስለ ቡና መገኘት የሚነገረው የፍየል እረኛው የካልዲ ታሪክ በዓለም ሁሉ ተሠራጭቷል። ይህ ታሪክ በአውሮጳ በጽሑፍ የታወቀው ፋውስቶስ ናይሮን የተባለ ማሮናዊ ሊቅ በ1671 በሮማ ባሳተመው የላቲን መጽሐፍ ነው፤ በዚያም ጽሑፍ እረኛው ስም የለውም፤ ካልዲ የሚለው ስም የተሰጠው በኋላ ዘመን ነው። በአገራችን ደግሞ የጎማ ሰው «ቡና የተገኘው በእኛ በጮጬ ነው» ይላል፤ የከፋ ሰውም «በእኛ በማንኪራ ነው» ይላል። የዕፀዋት ሊቃውንት የዓረቢካ ቡና በበረሓ ሳይሆን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን ውስጥ በዱር እንደሚበቅል ያስረዳሉ፤ ሆኖም የስዊድኑ ሊቅ ሊኔዎስ በ1753 የሰጠው የሳይንስ ስም ተክሉን ለዓረብ ምድር አደረገው። የጌሻም ነገር እንዲሁ ነው። የዚህ ቡና ዘር በ1930ዎቹ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተወስዶ፣ በምሥራቅ አፍሪካ በኩል ወደ ኮስታ ሪካ፣ ከዚያም ወደ ፓናማ ተሻገረ፤ ከ2004 ወዲህም በዓለም ገበያ ስሙ የገነነው በፓናማ ነው። ጌሻ ግን በከፋ ያለ አገር ነው።

እነዚህን ነገሮች የምንጠቅሰው ቂም ለማስያዝ አይደለም። አንድ ቤተ ሰብ በመስኮቱ ላይ የሚያነበውን ሁሉ «ይህን ማን ጻፈው? መቼ ጻፈው? በምን ምስክር?» እያለ እንዲያነብ ነው። «ካልዲ ቡናን አገኘ» ብሎ ያነበበ ልጅ ተረት አነበበ፤ «ይህ ተረት ስሙ ሳይኖር በ1671 ተጻፈ፤ ስሙም በኋላ ተጨመረ» ብሎ የተረዳ ልጅ ግን ታሪክ ተማረ። የመምህራን ሥራ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ማሻገር ነው።

ሦስተኛው ነቀፋችን በቋንቋና በቤት ሥርዓት ላይ ነው። የእነዚህ የቅርስ ገጾች መግለጫ በብዛት የተጻፈው በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ነው። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚያስረዳው እንግሊዝኛ የሚያነበው ልጅ ነው፤ አያቱ ግን ሰሚ ብቻ ይሆናሉ። ሽማግሌ ያስተምራል፤ ልጅ ይሰማል ተብሎ የኖረው ሥርዓት በአንድ መስኮት ምክንያት ተገለበጠ። የልጁ ማስረዳት በራሱ ክፉ አይደለም፤ እንዲያውም ያኰራል። ክፉ የሚሆነው አያቲቱ የሚያውቁት ነገር እንደሌለ ተቆጥረው ዝም ያሉ እንደ ሆነ ነው።

መድኀኒቱም እዚያው ቤት ውስጥ አለ። ከመስኮቱ ለተገኘው ለእያንዳንዱ ነገር ከቤቱ አንድ መልስ ይሰጠው። ለምሳሌ የቱርክ ቡና ተፈጭቶ ከውሃው ጋር አንድ ላይ ፈልቶ ከነአተላው ወደ ስኒ እንደሚቀዳ ልጁ ባነበበ ጊዜ፣ «እማማ፣ የእኛ ጀበና አተላውን የሚያስቀረው እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የዓረብ ቡና በመጀመሪያ ለታላቁ እንግዳ ወይም በዕድሜ ለሚበልጠው፣ ያውም የፍንጃሉ ሩብ ያህል ብቻ እንደሚቀዳ ባነበበ ጊዜ፣ «እኛስ ለማን እናስቀድማለን? ስኒውንስ ለምን እንሞላለን?» ይበል። ያን ጊዜ አያቲቱ ሰሚ መሆናቸው ቀርቶ ፈራጅ ይሆናሉ፤ ዓለምን በራሳቸው ሙያ ይመዝናሉ። ኦሮምኛ የሚነገርበት ቤት በኦሮምኛ፣ ከፍኛ የሚነገርበትም በከፍኛ ይነጋገር። ቅርስን ማወቅ ማለት ይህ ነው እንጂ፣ ምስሉን አይቶ ማለፍ አይደለም።

እንደዚሁም ስለ ገዳ ሥርዓት በ2016 የተመዘገበውን ጽሑፍ ያነበበ የጅማ ተማሪ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባል፤ «ገዳ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ የሚተላለፍበት ሥርዓት ከሆነ፣ በጅሬን ኮረብታ ላይ የንጉሥ ቤተ መንግሥት እንዴት ተሠራ?» መልሱ በመዝገቡ ገጽ ላይ የለም። በግቤ አገር ሊሙ እናርያ፣ ጅማ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ የተባሉ አምስት መንግሥታት ተነሥተው በሞቲ ሥልጣን ይተዳደሩ እንደ ነበረ፣ ኸርበርት ሉዊስ በ1965 እና መሐመድ ሐሰን በ1990 ባሳተሟቸው የታሪክ መጻሕፍት ሰፊ ማስረጃ አለ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ጅማን ገዝተዋል፤ በዘመናቸውም የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር የሚመጣ የሲራራ ነጋዴ መገናኛ ነበረ። ቤተ መንግሥታቸው በጅሬን ቆሟል፤ ከዕቃዎቻቸውም በጅማ ቤተ መዘክር የሚታዩ አሉ። ከጅማ ከተማ ወደ ጅሬን ለመውጣት የግማሽ ቀን ጉዞ እንኳ አያስፈልግም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳዝን ነገር እናያለን። የሩቁን ፒራሚድ በመስኮት ያዩ ልጆች የቅርቡን ጅሬንን በእግራቸው ሳይረግጡት ሊያድጉ ይችላሉ። ስለዚህ የመስኮቱ ጉብኝት የእግር ጉብኝት መነሻ እንጂ ምትክ እንዲሆን አንፈቅድም። የጅሬን ቤተ መንግሥት በእንጨት ሥራው የተደነቀ ነው፤ ፎቶግራፍ ግን የእንጨቱን ሽታ አይሰጥም፤ ከሰገነቱ ቆሞ ሸለቆውን ሲመለከቱ የሚሰማውንም ነፋስ አያመጣም። ከሁሉም ይልቅ የቅርስ ጠባቂው አይናገርበትም። በጅማ አናጢ እጅ የተሠራውን ባለ ሦስት እግር በርጩማ በምስል ያየና የተቀመጠበት ሰው ዕውቀታቸው አንድ አይደለም።

አራተኛው ነቀፋ ስለ ጽናቱ ነው። በመረብ የተዘረጋ ግምጃ ቤት ሁልጊዜ ክፍት ይመስላል፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ሊዘጋ ይችላል። በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ በኮምፒዩተር ዘራፊዎች ተጠቅቶ፣ በፎቶግራፍ የተዘረጉት የብራና መጻሕፍት ለረዥም ጊዜ ለአንባቢ ሳይደርሱ ቀርተዋል። በአገራችንም በ2012 ዓመተ ምሕረት ክረምት ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። የእነዚህ ነገሮች ትምህርት አንድ ነው፤ ሌላው ዘንድ ያኖርኸው ዕውቀት ያንተ አይደለም። መምህራን መልካሙን ጽሑፍና ሥዕል በወረቀት አውጥተው በትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ቢያኖሩ፣ ወላጆችም የሰሙትን በደብተር ቢያስጽፉ፣ መብራት በጠፋ ቀን ዕውቀቱ አብሮ አይጠፋም።

«ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ልጆች ለመዝናናት የሚያዩትን ነገር የትምህርት ሸክም አታድርጉባቸው» የሚለን ሰው ይኖራል። ተቃውሞው ከንቱ አይደለም። ጨዋታ የሌለበት ትምህርት እንደሚሰለች እናውቃለን። እኛ ግን ጨዋታው ይቅር አላልንም፤ ተመላሽ ይኑረው አልን እንጂ። ጨዋታም ቢሆን ተቀባይና ሰጪ ሲኖረው ይጣፍጣል። የቡና ወጋችን ራሱ የዚህ ምሳሌ ነው፤ አንዱ ሲያወራ ሌላው «እኔም አንድ ልጨምር» ይላል፤ እስከ በረካ ድረስም ወሬው ይቀጥላል።

ስለዚህ ለሦስት ወገኖች ሦስት ነገር እናሳስባለን። በመጀመሪያ ለተማሪዎች፤ በዓለም መዝገብ አንድ ቅርስ ባያችሁ ቁጥር ከአካባቢያችሁ አንድ ነገር፣ የአንድ ገበያ ታሪክ፣ የአንድ ዛፍ ስም፣ የአንድ ዕቃ አሠራር፣ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ የተናጋሪውን ፈቃድ ጠይቁ፤ ቀኑንም መዝግቡ። ሁሉም ነገር ለዓለም አይዘረጋም፤ የቤተ ሰብ ምሥጢርና የሃይማኖት ክብር ያለበትን በቤቱ ተዉት። ሁለተኛ ለመምህራን፤ ተማሪው ያመጣውን አንብባችሁ ምስክሩን መርምሩ፤ ተረቱን ተረት፣ ታሪኩንም ታሪክ በሉት። ሦስተኛ በመሥሪያ ቤት ላሉ ሹማምንት፤ ማኅደር ካልተዘጋጀ መዝገብ አይከፈትም። የጅማና የከፋ የቡና ምድር ጥናት፣ ካርታና የጥበቃ ዕቅድ የሚጻፈው በአንድ ቀን ስብሰባ አይደለም፤ ገበሬው ሲያስረዳ፣ ዩኒቨርሲቲው ሲያጠና፣ ቤተ መዘክሩ ዕቃውን ሲቈጥር፣ መሥሪያ ቤቱም ሲያስተባብር ነው። ደኑ እየተመነጠረ ካለቀ በኋላ የሚጻፍ ማኅደር የመታሰቢያ ጽሑፍ እንጂ የቅርስ ማኅደር አይባልም።

ፍርዳችንን በአጭሩ ብንሰጥ እንዲህ ነው። በቤት ሆኖ የዓለምን ቅርስ ማየት መልካም ሥራ ነው፤ ዐይንን ያሰፋል፤ ትዕቢትን ያበርዳል፤ ሌላውም ሕዝብ እንደ እኛ አባትና እናት እንዳለው ያስታውሳል። ጉድለቱ ግን ተመልካቹን ባለ ዕዳ አድርጎ ማስቀረቱ ነው፤ ሁልጊዜ ያሳየዋል፤ ከእርሱ ግን አይጠይቅም። ያን ጥያቄ መጠየቅ የወላጅና የመምህር ፈንታ ነው። ኩባ የፈረሰ እርሻዋን፣ ኮሎምቢያ ተራራዋን፣ ቱርክ ስኒዋን ለዓለም አሳይተዋል፤ ደግ አደረጉ፤ እኛም አይተን ተደስተናል። የቡና ደን ያለው ሕዝብ ደግሞ የሚያሳየውን ነገር አጥቶ ሳይሆን፣ ጽፎ ባለማቅረቡ ብቻ ዝም ብሎ የሚቀመጥበት ምክንያት የለም።